ኤሌክትሪክ ጊታርን በቤት መገጣጠም፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ቅብ?

ኤሌክትሪክ ጊታር ከክፍሎቹ ገጣጥሞ ሊሠራ የተነሣ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር የምርጫው ብዛት ግራ ያጋባዋል። ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን ተሟልቶ የሚመጣ ኪት አለ። ቦዲውን (የጊታሩን አካል) ከአንዱ፣ አንገቱን ከሌላው እየመረጡ ማሰባሰብ አለ። ቦዲውን ራስ ቆርጦ አንገቱን ብቻ መግዛትም፣ ያረጀ ጊታር ፈትቶ ማደስም ይቻላል። ከዚያ የቅቡ ጉዳይ ይከተላል፦ ዘይት፣ ናይትሮ ላከር፣ ፖሊዩረቴን፣ በውሃ የሚቀጥን ቅብ፣ ሼላክ፣ የመኪና ቀለም። ሻጩ ሁሉ የያዘውን ስለሚያሞግስ ማስታወቂያ አንብቦ መወሰን አይቻልም።

ስለዚህ መለኪያውን እናስቀድምና አማራጮቹን በዚያ እንመዝን። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘባችሁ መዋል ያለበት አንገቱ ላይ ነው። ቅቡን ደግሞ በዝናው ሳይሆን በምትሠሩበት ክፍልና በአየሩ ጠባይ ምረጡ።

ለምሳሌነት የምይዘው የቴሌካስተርን ቅርጽ ነው። የሊዮ ፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ብሮድካስተር ብሎ አውጥቶት በ1951 ስሙን የለወጠው ይህ ጊታር ቦዲው ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው፤ አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ሽቦውም ጥቂት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። አንገቱ በሙጫ የሚጣበቀውና ፊቱ ጉብ ያለው፣ ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ኩባንያ ጊታር ዓይነትም በኪት ይሸጣል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም። የአንገቱ ዘንበል በትንሹ ከተዛባ፣ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

## በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት ፍሬቶቹን፣ ማለትም በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች እዩ። ቦዲው የቱንም ያህል ቢያምር የተጫዋቹ እጅ የሚውለው አንገቱ ላይ ነው። ከ21 ወይም ከ22 ፍሬቶች አንዱ እንኳ ከጎረቤቱ ከፍ ቢል፣ ከእሱ በፊት ያለውን ፍሬት በተጫናችሁ ቁጥር ክሩ ከፍ ያለውን እየነካ ዝዝ ይላል። ፍሬት ማስተካከል ደግሞ ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው። እንጨት ማለስለስ በትዕግሥት ይለመዳል፤ ፍሬት እኩል አድርጎ ሞርዶ መልሶ ክብ ማድረግ ግን ልዩ ሞረድና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መለኪያ ክፍሎቹ እርስ በርስ መግጠማቸው ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልየው። የፌንደር ዓይነት ጊታር ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ (ቦዲው ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ብረት) ያለው የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጊብሰን ዓይነት ግን 628 ገደማ ነው። ብሪጁ ለአንዱ ልኬት በተበሳበት ቦዲ ላይ ለሌላው የተሠራ አንገት ብታስሩ ጊታሩ ፈጽሞ አይቃኝም። ስትራቶካስተር የተባለው የፌንደር ሌላ ጊታር አንገቱ ግርጌው ክብ ነው፣ የቴሌካስተር ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ወርዳቸው 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ማረፊያ ሲገባ አይሞላውም። የመቃኛ ቀዳዳም ሁለት ዓይነት ነው፤ የድሮው ወደ 8.7 ሚሊ ሜትር፣ የአሁኑ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከእስያ የሚመጡት ብዙዎቹ ፖታንሺዮሜትሮች (ድምፅ መቆጣጠሪያዎች) ዘንጋቸው 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካኖቹ ሩብ ኢንች ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ማዞሪያ በሌላው ላይ ወይ አይገባም ወይ ይላወሳል። ክፍል ከየቦታው የምታሰባስቡ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ሳታሰፍሩ ምንም አትግዙ።

ሦስተኛው መሣሪያና ቦታ ነው። ግቢ አላችሁ ወይስ አፓርታማ ውስጥ ናችሁ? ራውተር የሚባለው የእንጨት መጎድጎጃ ማሽን አላችሁ ወይስ ካቻቢቴና ትራፓኖ ብቻ?

አራተኛው ክብደት ነው። ተሠርቶ ያለቀ ጊታር ከ3.2 እስከ 3.8 ኪሎ ቢመዝን ጥሩ ነው፤ ከ4.5 ኪሎ በላይ የሆነውን ረጅም ፕሮግራም ላይ ቆማችሁ ስትጫወቱ ትከሻችሁ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ጠቅላላ ወጪ ነው። የቦዲና የአንገት ዋጋ ብቻ አይበቃም፤ መቃኛ፣ ብሪጅ፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ባለማግኔት ክፍል)፣ ክር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቅብ፣ መበየጃ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ አብረው ይደመሩ። በቤት የተገጣጠመ ጊታር ሲሸጥ ያወጣበትን እንደማይመልስም ከመጀመሪያው እወቁ። ትርፍ ፈልጎ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

## አራቱ መንገዶች

### ሙሉ ኪት

ኪት ዋናው ጥቅሙ ልኬቱ ያለቀለት መሆኑ ነው። ማረፊያው ከአንገቱ፣ የብሪጁ ቀዳዳ ከብሪጁ ጋር በአንድ ፋብሪካ ተስማምቶ ይመጣል። በውጭ ገበያ ርካሾቹ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ብየዳ እንኳ አይፈልጉም፤ ሽቦዎቹ በሶኬት ይሰካካሉ።

ድክመቱ ፍሬቱና ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ይታያል። በርካሽ ኪቶች ላይ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጥጣል፤ ነቱ ላይ ያለው የክር መተላለፊያ ጥልቀት ስለማይበቃው የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች መጫን ያደክማል፤ መቃኛውም ይለቃል። ሌላም አለ። ፊቱ ላይ የሚያምር መልክ ያለው ቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ልባጥ የተለጠፈበት ነው። ሙጫው በልባጡ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለም ስትቀቡበት ሙጫው ያለበት ቦታ ቀለሙን አልቀበልም ብሎ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከመቀባታችሁ በፊት ቦዲውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና በጎን ብርሃን ተመልከቱት፤ እንጨቱ ሲጠቁር ሙጫው ያለበት ቦታ ፈዝዞ ይለያል። ያንን በቀስታ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ይቻላል፤ ከበዛ ግን ልባጡ ይበሳል። ነጠብጣቡ ብዙ ከሆነ እንጨት የሚያሳየውን ቅብ ትታችሁ በደፈና ቀለም ሸፍኑት።

### ቦዲና አንገት ለየብቻ

በአሜሪካ የፌንደርን ቅርጽ በፈቃድ የሚሠሩ የታወቁ አምራቾች አሉ። እንደ እንጨቱና እንደ ቅቡ አንገት ከ200 እስከ 400 ዶላር፣ ቦዲም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ብሪጁ፣ መቃኛው፣ ፒክአፑ ሲታከልበት ሂሳቡ ከፋብሪካ ጊታር ዋጋ በላይ ይሄዳል። በምትኩ የአንገቱን ውፍረት፣ የፍሬቱን መጠን፣ የእንጨቱን ዓይነት ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ይህ መንገድ የቆየ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 ናሽቪል ውስጥ የገዛቸውን ስትራቶካስተሮች ፈትቶ፣ ከሦስቱ የተሻለ የተሻለውን ክፍል ወስዶ ብላኪ የሚለውን ጊታሩን ገጣጠመ። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ደግሞ እንከን ስለነበረበት በርካሽ የተሸጠ ቦዲ በ50 ዶላር፣ አንገት በ80 ዶላር ገዝቶ በብስክሌት ቀለም የቀባው ጊታር በዓለም ታወቀ። በዚያ ሂሳብ እንኳ ከቦዲው ይልቅ አንገቱ መወደዱን ልብ በሉ።

አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ የተፈታ ጊታር በሻንጣ ይገባል። ሙሉ ጊታር ርዝመቱ 1 ሜትር ስለሚጠጋ አይቻልም፤ አንገት ብቻውን ግን ከ70 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አግድም ይተኛል፤ ቦዲው 40 በ33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልብስ መካከል ይቀመጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ቅቡን ግን አደራ አትበሉት። የስፕሬይ ቀለም፣ ላከርና ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆኑ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን አይፈቀዱም። ቅቡ ከምትኖሩበት ከተማ መገዛት አለበት፤ ምርጫችሁንም ከአሁኑ ያጠብበዋል።

ሩቅ አገር ተሠርቶ የመጣ አንገት ከመጣ በኋላም ይንቀሳቀሳል። እርጥበት ካለበት ቦታ ወደ አዲስ አበባ የበጋ ደረቅ አየር ሲገባ፣ ወይም ማሞቂያ ወዳለበት የሚኒሶታ ክረምት ሲደርስ፣ እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቱ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል። እንደደረሰ ሞረድ አታንሡ። ሁለት ሳምንት ያህል ክፍሉን ይልመድ።

### ቦዲውን ራስ ቆርጦ አንገት መግዛት

ለእኔ ከአራቱ የበለጠ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ በአገራችን እንጨት የራስን ጊታር መሥራት ስለሚያስችል። ብዙውን ጊዜ ከበሮ የሚጠረብበት፣ የቤት ዕቃ ሠሪው ሁሉ የሚያውቀው ዋንዛ ቀላል፣ ለመሣሪያ የሚታዘዝና መልኩ የሚያምር እንጨት ነው። ከተፈጥሮ ደን መቁረጡ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ግን የድሮ ቁም ሣጥን፣ የአልጋ ራስጌ ወይም የበር ሳንቃ ፈልጉ። አሮጌው ከአዲሱ ይሻላልም፤ ለዓመታት ቤት ውስጥ ደርቋልና። ከአዲስ ሳንቃ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ክብደቱን መዝናችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ አትንኩት።

የእንጨቱን ክብደት ሳይቆረጥ ማወቅም ይቻላል። ሳንቃውን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ርዝመቱን በወርዱና በውፍረቱ አባዙ፤ ለ1000 ስታካፍሉት መጠኑ በሊትር ይመጣል። በኪሎ የመዘነውን ለዚያ አካፍሉ። የቴሌካስተር ቦዲ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ ወደ 4 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ውጤቱ 0.45 ከሆነ ቦዲው 1.8 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ጥሩ ነው። 0.75 ከሆነ 3 ኪሎ ስለሚሆን ያ ሳንቃ ለጠረጴዛ ይቅር። ብዙ ባሕር ዛፍና ወይራ የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው።

የሚያሰጋው የአንገቱ ማረፊያ ነው። በእጅ መሮ ልክ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ራውተርና ከኤምዲኤፍ የተቆረጠ ሞዴል ያስፈልጋል። ራውተር ከሌላችሁ በርና ቁም ሣጥን በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን (ሲኤንሲ) የሚቀርጹ የእንጨት ሥራ ቤቶች በፋይል ይቆርጡላችኋል። ማረፊያውን በአንገታችሁ ግርጌ ልክ እንጂ ኢንተርኔት ላይ ባገኛችሁት ቁጥር አታስቆርጡ፤ አንገቱን ይዛችሁ ሂዱ።

እንጨት ያልተመረጠ ቢሆንም ጥሩ ጊታር እንደሚወጣው የኩዊን ባንድ ጊታሪስት የብሪያን ሜይ ጊታር ይመሰክራል። ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ቤታቸው ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ከንፈር እንጨት ጠርበው፣ ለቦዲው ተራ የተጣበቀ ሳንቃ ተጠቅመው ነው። አንገት ራሱ መጥረቡ ግን የእሱ ጀግንነት ነው፤ ጀማሪን በዚህ እንዲከተለው አልመክርም።

### አሮጌ ጊታር ማደስ

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚሠራ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬቱ ያልተበላ አሮጌ ጊታር ሲገኝ ከኪት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ሲጫወቱበት የሚታይ ነገር ነውና። ለመግዛት ስትሄዱ አንደኛውን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑት፤ ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ አንገቱ ደህና ነው። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ወይም ክሩ ፍሬቱን ከነካ በአንገቱ ውስጥ ያለው ማቃኛ ዘንግ፣ ትራስ ሮድ፣ ይዞር እንደሆነ እዩ፤ የማይዞር ከሆነ ተዉት። በየፍሬቱ እየተጫናችሁ እስከ ላይ ውጡ። ዝዝ የሚል ቦታ ካለ ምልክት አድርጉ።

የድሮውን ወፍራም ፖሊዩረቴን እስከ እንጨቱ መላጥ ብዙ ድካም ነው። አስፈላጊም አይደለም፤ በ320 ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዞ በላዩ መቀባት ይበቃል።

## ስለ ኤሌክትሮኒክሱ በአጭሩ

ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒክአፕ ጥርት ያለና የክራር ቅርጭታ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል፤ የትዝታና የባቲ ዜማ ነጠላ ክር ላይ ለሚጫወት ሰው የምመርጠው እሱን ነው። በምትኩ ከመብራት መስመር እምም የሚል ድምፅ (ኸምታ) ይለቅማል። ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ኸምታውን ያጠፋል፣ ድምፁም ወፈር ይላል። ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምባከር 500 ኪሎ ኦም ፖታንሺዮሜትር ይመረጣል። የብሪጁን የመሬት ሽቦ አትርሱ፤ ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ኸምታ ካለ የተለመደ ነው፣ ስትነኩ የሚጨምር ከሆነ የሽቦውን ግንኙነት ፈትሹ።

## ቅቡ

ማንኛውም ቅብ ከመነካቱ በፊት ጊታሩ አንድ ጊዜ በሙሉ ይገጣጠም። አንገቱን በብሎን እሰሩና በሁለቱ የዳር ክሮች ቦታ ክር ወይም ስፌት ክር ከነቱ እስከ ብሪጁ ወጥራችሁ ከላይ ተመልከቱ። ሁለቱ ክሮች ከአንገቱ ጠርዝ ያላቸው ርቀት እኩል ካልሆነ አንገቱ ወይም ብሪጁ ዘሟል፤ የብሪጁን ቀዳዳ መብሳት ያለባችሁ ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ለየብሎኑ አስቀድማችሁ ቀጭን ቀዳዳ ብሱ፤ ብሎኑን ደረቅ ሳሙና ላይ አሽታችሁ አስገቡት፤ በተለይ የመቃኛው ትንንሽ ብሎኖች ጠንካራ የሜፕል እንጨት ውስጥ ይሰበራሉ። ክር አስገብታችሁ ተጫወቱበት፤ ሁሉም ልክ ሲሆን ፈታቱት። ቅብ ስትቀቡ የአንገቱን ማረፊያ በቴፕ ሸፍኑ፤ ቅቡ እዚያ ከወፈረ አንገቱ አይገባም፤ ተገፍቶ ከገባም ቅቡ ይሰነጠቃል።

ዘይት። ለጠመንጃ ሰደፍ የሚሸጠው የተቀመመ የተልባ ዘይት ለአፓርታማ ነዋሪም ሆነ ለጀማሪ የምመክረው ነው። ስፕሬይ አይፈልግም፣ አቧራ ብዙ አያስቸግረውም፣ ቢቧጠጥ በዚያው ዘይት ይታደሳል። በጥጥ ጨርቅ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማሳደር፣ መድገም ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ለስላሳ አንፀባራቂ ይሆናል። ለምግብ የሚሸጠው ጥሬ የተልባ ዘይት ግን ለመድረቅ እጅግ ስለሚዘገይ አይሆንም። ጉዳቱ መከላከያው ስስ መሆኑ ነው፤ የቀበቶ ዘለበት ይጎዳዋል። አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምቆ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ይነሣል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። በብረት ሱፍ የምታለሰልሱ ከሆነም ፒክአፑ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ፤ የብረቱን ብናኝ ማግኔቱ ይስበዋል።

ናይትሮ ላከር። የ1950ዎቹ ጊታሮች የተቀቡበት ስለሆነ ዝናው ትልቅ ነው። እውነተኛ ጥቅሙ አዲሱ ንብርብር አሮጌውን አሟሙቶ አንድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ስሕተት በቀላሉ ይጠገናል፣ ስስ ሆኖም ይወጣል። ድምፅ ያሳምራል የሚለውን በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አድርጌ አልቆጥረውም። እያደር ይወይባል፣ በብርድ ይሰነጣጠቃል፣ ከአንዳንድ ላስቲክ ያላቸው የጊታር ማቆሚያዎች ጋር ሲነካካ ይቀልጣል። ጢሱ ጎጂ ነው፣ እጅግም ተቀጣጣይ ነው፤ ምድጃ ወይም ሻማ ባለበት ቤት በፍጹም አይረጭም። ደርቆ እስኪጸና ወር ገደማ ይጠበቃል። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ አትርጩት፤ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ቅቡ ውስጥ ገብቶ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። የዋሽንግተን እርጥብ የበጋ ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

በጨርቅ የሚቀባ ፖሊዩረቴን። ጠንካራ ነው፣ በየቀለም መደብሩ በቀላሉ ይገኛል። ንብርብሮቹ ግን ስለማይዋሐዱ በየመካከሉ በ320 ካልተፋቀ ይላቀቃል፤ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉበት ከአንዱ ወደ ሌላው ንብርብር ካለፋችሁ የክብ መስመር ይታያል። በአኳራጅ አቅጥናችሁ ስስ ስስ አድርጉት።

በውሃ የሚቀጥን ቅብ። ሽታው አነስተኛ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤትና መስኮቱ በማይከፈት የባሕረ ሰላጤው አፓርታማ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቅብ የእንጨቱን ፀጉር ያስነሣል፤ ፍቆ መቀጠል ነው። ጥቁር እንጨት ላይ ሰማያዊ ነክ ድባብ ሊያሳይ ስለሚችል ከታች ሼላክ ይቅደም።

ሼላክ። በአልኮል ይሟሟል፣ በፍጥነት ይደርቃል፤ ሰም የወጣለት ሼላክ ከብዙ ቅቦች በታች፣ እንጨቱን ከላዩ ቅብ የሚለይ መለያ ንብርብር ሆኖ ያገለግላል። ብቻውን ላብና አልኮል አይችልም።

የመኪና ቀለም በጋራዥ። ደፈና ቀለም ለሚፈልግ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስበው ጥሩ መንገድ ነው። ፌንደር ራሱ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመኪና ቀለም ይጠቀም ነበር፤ ፊየስታ ሬድ የተባለው ከፎርድ ተንደርበርድ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ ከካዲላክ የመጣ ነው። ቦዲውን እናንተ ፍቃችሁ፣ ስቱኮውን ጨርሳችሁ ውሰዱት፤ ቀቢው ከሌላ መኪና ጋር አብሮ ይረጨዋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን የመኪና ቅብ ራሳችሁ ቤት ውስጥ አትርጩ፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ተራ ማስክም አይከላከለውም።

የሜፕል ፍሬትቦርድ ቅብ ግዴታው ነው፤ ካልተቀባ ላብ ያጠቁረዋል። የሮዝውድ ፍሬትቦርድ አይቀባም። የአንገቱ ጀርባ በማንኛውም ጊታር ላይ ዘይት ቢሆን እመርጣለሁ፤ እጅ አይይዝም።

## ሁሉም በአንድ ላይ

| መንገድ | ፍሬትና አንገት | የሚጠይቀው መሣሪያ | ወጪ | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ኪት | ደካማ እስከ መካከለኛ | ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ | ዝቅተኛ | የሻከረ ፍሬት፣ ስስ ልባጥ |
| ቦዲና አንገት ለየብቻ | በጣም ጥሩ | ከዚያ በተጨማሪ መበየጃ | ከፍተኛ | ያልተጣጣመ ልኬት |
| ቦዲ ራስ ቆርጦ | በተገዛው አንገት ይወሰናል | ራውተር ወይም ሲኤንሲ ቤት | መካከለኛ | ማረፊያው፣ ያልደረቀ እንጨት |
| አሮጌ ማደስ | ከመግዛት በፊት ይፈተሻል | ካቻቢቴ፣ መበየጃ | በጣም ዝቅተኛ | የማይዞር ትራስ ሮድ |

| ቅብ | የት ይሠራል | ጥንካሬ | ለመጠገን |
|---|---|---|---|
| የተቀመመ የተልባ ዘይት | አፓርታማ ውስጥም | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| ናይትሮ ላከር | ውጭ፣ በደረቅ ወቅት | መካከለኛ | ቀላል |
| በጨርቅ የሚቀባ ፖሊዩረቴን | አየር ያለበት ክፍል | ከፍተኛ | ከባድ |
| በውሃ የሚቀጥን | ዝግ ክፍልም | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ሼላክ | የትም | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| የመኪና ቀለም | ጋራዥ ብቻ | በጣም ከፍተኛ | ባለሙያ ይፈልጋል |

## ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ያነሰ፣ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ አሮጌ ጊታር ይፈልግ፤ የክርና የፍሬት ፈተናውን ያለፈ አንገት ይግዛ፤ ቦዲውን አደብዝዞ ወይ ጋራዥ ያስቀባ ወይ እንዳለ ይተወው። የተረፈውን ገንዘብ ለአዲስ መቃኛ ያውል፤ ድምፁ ከሚቀየረው በላይ ቅኝቱ መጽናቱን ያኔ ያየዋል።

ውጭ አገር አፓርታማ ውስጥ የሚኖርና ሥራውን ከነጣዕሙ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኪት ይግዛና በዘይት ይጨርሰው። ኪቱ ፍሬቱ ከሻከረ አንገቱን ብቻ በኋላ መለወጥ ይችላል፤ የቴሌካስተርን ቅርጽ ለምሳሌ የመረጥኩት ለዚህም ነው።

እንጨት የሚወድ፣ ግቢና ትዕግሥት ያለው ሰው የዋንዛ ቦዲ ያስቆርጥ፤ አንገቱን በሻንጣ ያስመጣ። ዋንዛን በደፈና ቀለም መሸፈን ያሳዝናል። በሼላክ መለያ ላይ የሰደፍ ዘይት በቂ ነው፤ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ሳንቃ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን የዘይት ቅቦች በ320 ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ ሳሉ ፈግፍጉ፤ የሚወጣው ጭቃ ቀዳዳውን ይሞላዋል።

መድረክ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ቦዲና አንገቱን ለየብቻ ይምረጥ፤ ቅቡን ጠንካራ ያድርገው። ገጣጥሞ ሲጨርስም ፍሬቱን ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ ያስተካክልና ክሩን በ17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ያስቀምጥ፤ ቀኝ እጁ ከባድ ከሆነ ወደ 2 ያድርገው።